ከብርሀንነሽ በስተግራ ያለው ክብ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ሉሊት
ስቶክሆልም

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። «አልታዬ ምራቋን አልሰጥም ብላ በሯን ዘጋች፤ ታናሿ ስለተመረጠች ቀንታ ነው» እየተባለ እስከ ከላላ ገበያ ድረስ ይወራል። በሬን አልዘጋሁም። ያንኳኳም የለም። ከደሴ የላክሻት ነርስ፣ ምስክር የምትባለዋ፣ በደጄ አልፋ ወደ አባታችን ቀዬ ሄደች፤ የብርሀንነሽን፣ የልጇን የቢያድግልኝንና የሌሎቹን ምራቅ በብልቃጥ ሰብስባ በደጄ ተመለሰች። በመስኮት አይቻታለሁ። ሰው ያልተጠየቀውን አልሰጥም ሊል አይችልም።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? የሥላሴ ቸርነት አይለይሽ፤ ሥራሽን ይባርክልሽ፤ ከአገሩ ብርድ ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ደውዪ የሚሉኝ አሉ። በስልክ የተባለን ነገር ማንም መልሶ አያነበውም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። አሕመድኑር በሚኒባሱ ደሴ ለምስክር ያደርሰዋል፤ እርሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። መልስሽንም አትማ በእርሱ ትላክልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ብርሀንነሽ አያትሽ ናት። እናትሽ በዛች የእርሷ ልጅ ነበረች። ይህን አልክድም። እኔ የአያትሽ ታላቅ እህት ነኝ። ነገር ግን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እስክትጨርሺ የኖርሽው በእኔ ቤት ነው። ክፍልፋይ አልገባኝም ብለሽ ስታለቅሺ ዳቦ ቆርጬ ያስረዳሁሽ እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ቀጥ ያለው በእኔ ማስመሪያ ነው። በሰኔ ወር በሬዲዮ ስትጠየቂ ግን «ለዚህ ያበቃችኝ እምዬ ብርሀንነሽ ናት» አልሽ። ጎረቤቶቼም እንዲሰሙ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌው ነበር። ብርሀንነሽ እስከ ዛሬ በጣቷ ነው የምትፈርመው።

የእናትሽ ሕመም፣ አሁን ደግሞ የብርሀንነሽ፣ የአባታችን የንጉሡ ዘር ሕመም ነው ካልሽ እኔም የንጉሡ ልጅ ነኝ፤ የበኩር ልጁ። ምራቅ የሚሰበሰብ ከሆነ ከታላቅ ይጀመራል።

አልታዬ ንጉሡ


ስቶክሆልም፣ 29 ኖቬምበር 2024

ለተከበሩ እማማ አልታዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አድርጎዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመሻል። እርስዎ ቢያዩ ፀሐይዋን «ሰነፍ» ብለው ጥግ ያስቆሟት ነበር።

በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእምዬ የጀመርነው እርሷ ስለታመመች ነው። ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጥናቱ ከእርሷ ተነስቶ ወደ ልጆቿ ወረደ። እኔ አልመረጥኳትም፤ በሽታው ነው የመረጣት። በሬዲዮ የተናገርኩትም ብዙ ነበር፤ እነርሱ ቆራርጠው አስተላለፉት።

እናቴን የቀበርን ቀን «ለምን እርሷ?» ብዬ ጠይቄዎት «እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንቺም ተማሪና እወቂ» ብለውኝ ነበር። ሥራዬ ሁሉ ያው ጥያቄ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ አንድ የዘረመል ስሕተት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። የወረሰው ሁሉ አይታመምም፤ አደጋው ግን ትልቅ ነው። ማን እንደወረሰው ከምራቁ ካወቅን ሳይብስ እንደርስበታለን። ሁለተኛው ሥራዬ ሕክምናው ነው። የሰውነትን የራሱን መከላከያ ቀስቅሰን ካንሰሩን እንዲዋጋው እናደርጋለን።

የቤተሰባችንን ሥዕል ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሴት በክብ፣ ወንድ በአራት ማዕዘን ይሣላል፤ የታመመ በጥቁር ይሞላል። ወንድምና እህት ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። እምዬ እስከ አባቷ እናት ቆጥራልኝ «ከዚያ በላይ ያለውን አልታዬ ናት የምታውቀው» አለችኝ። ይቁጠሩልኝ። ምስክርም ትመጣለች።

የእርስዎው ሉሊት


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ሉሊት፣

ጤና ይስጥልኝ። ልደቱን በደስታ ያድርስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ የተጻፈበትን ቀን ለማወቅ ግን ከግድግዳዬ ካላንደር ጋር መታገል ነበረብኝ። አገርሽ የራሱ ቀን አለው።

ምስክር መጥታ ምራቄን ወስዳለች። «እስከ መስመሩ ይሙሉልኝ» አለች፤ ሳላሳልፍ ሳላጎድል ሞላሁ። «እማማ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ናሙና አላየሁም» አለችኝ። የብርሀንነሽስ ብዬ አልጠየቅኩም። እርሷው ናት «እምዬ ብርሀንነሽ ሳቋ እየመጣ አስቸግራኝ ሁለት ጊዜ ነው የወሰድኩት» ብላ የነገረችኝ።

ሥዕልሽን አይቻለሁ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ነገር ግን የእኔን ክብ ከብርሀንነሽ በስተቀኝ አድርገሽዋል። በራስሽ ሕግ ታላቅ በስተግራ ነው። አስተካክዪው።

ቁጥሩን አያይዤዋለሁ። በዚህ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሴት አትታጭም፤ ቆጣሪ ሲጠፋ ደግሞ ወደ እኔ ይመጣሉ። አምና በጥር አንድ ሰርግ አስቀርቻለሁ፤ ሙሽሮቹ አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙብኝ። ዳሱ ተጥሎ ነበር። እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉኝ አሉ፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ነበር። የአባታችን እናት በጡት ነቀርሳ ሞታለች፤ እናቷም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ያሉትን «በክፉ ቁስል» ብቻ ነው የሚሏቸው፤ ስለዚህ በጥቁር አትሙያቸው። ያልተረጋገጠ አይሞላም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰውነት የራሱን ከባዕዱ በምን ይለየዋል? መከላከያው ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚቀሰቀስ ከሆነ መጀመሪያ ለምን ተኛ?

ብርሀንነሽን «እምዬ» ትያታለሽ። እኔን «እማማ» ትይኛለሽ። እማማ የሰፈር ሴት ሁሉ ትባላለች። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ማስታወሻ ነው። ሬዲዮውም ሲቆርጥ ሁልጊዜ የእኔ ስም ላይ መድረሱ ይገርመኛል።

አልታዬ ንጉሡ


ስቶክሆልም፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ አልታዬ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መንገድ ተዘግቶ ነበር ብዬ ብጽፍልዎት አሕመድኑር ያጋልጠኛል፤ መንገዱ ክፍት ነበር። እንዴት እንደምጽፍልዎት ሳስብ ነው ታኅሣሥ መጋቢት የሆነው።

ለጥያቄዎ፦ ሰውነት የራሱን የሚያውቀው በምልክት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ «የቤት ሰው ነኝ» የሚል ምልክት ይዞ ይዞራል፤ ዘበኞቹ አይተው ያሳልፉታል። ካንሰር ከዚያው ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ ከከፋ በኋላም ምልክቱን እያሳየ ዘበኞቹን ያስተኛቸዋል። መድኃኒታችን ዘበኞቹን ይቀሰቅሳቸዋል። አንዳንዴ ግን ሲነቁ ጤነኛውንም የቤት ሰው ባዕድ መስሏቸው ይመቱታል። ለዚህ ነው ታማሚውን በየቀኑ የሚከታተል ሰው የሚያስፈልገው፤ ሙቀት የሚለካ፣ የትንፋሽና የሆድ ለውጥ የሚመዘግብ፣ ትንሽ ነው ብሎ የማያልፍ።

የምራቅዎ ውጤት ደርሷል። ነጻ ነዎት። በቤተሰቡ ያለው ስሕተት እርስዎ ጋ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ ናሙናዎን ከጥናቱ አውጥተነዋል፤ ከእንግዲህ ምስክር አታስቸግርዎትም። ቢያድግልኝም ነጻ ነው፤ እርሱ ግን ለማነጻጸሪያ ደም ለመስጠት አዲስ አበባ ይመጣል።

አሁን ልመናዬ። እምዬ አዲስ አበባ ሕክምናውን እንድትጀምር ቦታ አግኝቼላታለሁ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ። «ያለ አልታዬ አልሄድም» ብላለች። አብረዋት ይሂዱልኝ። ሙቀቷን ለክተው በየቀኑ የሚጽፉልኝ እርስዎ ቢሆኑ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

የእርስዎው ሉሊት


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉሊት፣

ለሰላምታ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ቆጥቤው ነው።

ነጻ ነዎት ብለሽ ደስ እንዲለኝ ጽፈሻል። ደስ እንዲለኝ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከአባታችን ቤት ለብርሀንነሽ የደረሳት ሁሉ ለእኔም መድረሱን ሳይ ነው የኖርኩት። የእናታችን ድሪ ለእርሷ ሲሰጥ ለእኔ አምባሩ ደረሰኝ። ይህ አንዱ ግን ቀረብኝ። በበሽታ የሚቀና የለም ትይኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ቢያድግልኝ ነጻ ነው፤ ይፈለጋል። እኔ ነጻ ነኝ፤ ወጣሁ። ሁለት እኩል የተባሉ ነገሮች የተለያየ ውጤት ከሰጡ፣ መጀመሪያም እኩል አልነበሩም። ይህን በስድስተኛ ክፍል አስተምሬሻለሁ። እኔ ከቢያድግልኝ የምለየው በምንድን ነው? ሦስት ወር የፈጀብሽ «ነጻ ነዎት» የሚለው ቃል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከጥናትሽ ታወጪኛለሽ፤ ለማስታመም ግን ትጠሪኛለሽ። ብርሀንነሽ የወለደችው ልጅ አላት። ዶክተር የሆነች የልጅ ልጅ አላት። የምትፈልጊው ደም የሞላው ቀዬ አላት። እነርሱ ይውሰዷት። እኔ አልሄድም።

አልታዬ ንጉሡ


ስቶክሆልም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእምዬ አልታዬ፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። ልክ ነዎት። የዘገየሁት በዚያ ቃል አይደለም።

በሙያችን አንድ ሕግ አለ። ሰው ስለ ራሱ ያልጠየቀውን አንነግረውም። ምራቅዎን ሲሰጡ የጠየቁት ስለ ካንሰር ብቻ ነው፤ ያንን መልሻለሁ። ሌላ ማወቅ ከፈለጉ «ንገሪኝ» ብለው አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ እነግርዎታለሁ። ካልጻፉ ከእኔ ጋር ይቀራል፤ ለማንም አልናገረውም። ያወጣሁዎት ግን ከጥናቱ ነው እንጂ ከሥዕሉ አይደለም። ክብዎን ባሉኝ ቦታ አድርጌዋለሁ።

የእምዬ ብርሀንነሽ ቦታ እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 22 ድረስ ይጠበቅላታል። ያን ቀን ካልደረሰች ለሌላ ታማሚ ይሰጣል፤ እኔ ልለውጠው አልችልም። ቢያድግልኝ ሊያሳምናት ሞክሮ፣ የአልጋዋን ቋሚ ይዛ «አልታዬ ሳትመጣ ከዚህ አልነሳም» ብላዋለች። እብጠቱ እየጨመረ ነው። እናቴ ስትሞት ልጅ ነበርኩ፤ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም። አሁን መድኃኒቱ አለ፤ የጠፋው የሚያደርሳት ሰው ነው።

ሉሊት


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ለልጄ ለሉሊት፣

እንኳን አደረሰሽ። ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ።

«ንገሪኝ» የሚለውን ቃል ጽፌ ፖስታውን አሽጌው ነበር። ለአሕመድኑር ልሰጠው ስወጣ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የቤታችንን ነገር ከልጅ ልጅ ከመስማቴ በፊት ታናሼን መጠየቅ አለብኝ ብዬ፣ ፖስታውን እንደያዝኩ መኪናው ላይ ወጣሁ። ቀዬው መገንጠያ ላይ አወረደኝ።

«እማማ፣ ይህን ቁልቁለት በእግር ሊወርዱት ነው? ኸይር ነው?» አለኝ።

«ኸይር መሆን አለመሆኑን ስመለስ እነግርሃለሁ።»

ብርሀንነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች። ከስታለች። ትከሻዋ የሕፃን ሆኗል። ይህን አንቺ በፎቶ አላየሽውም።

«አስተማሪዋ መጣች» አለች። እንዲህ ነው የምትለኝ። «ተማሪዎቹ ከብት ይዘው ሄደዋል፤ ተቀመጪ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂ። ካልመለስኩ ግን ጆሮዬን እንዳትቆነጥጪኝ።»

«ሉሊት ከጥናቱ አውጥታኛለች። የናንተ በሽታ እኔ ጋ የለም።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ታዲያ እልል አትይም?»

«ልጅሽም የለበትም። እርሱ ግን ይፈለጋል።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ጎኗን ይዛ ሳቀች። «በሽታም ይቀናበታል እንዴ፣ አልታዬ? በሹሩባዬ ቀናሽ። በባሌ ቀናሽ። አሁን ደግሞ በእብጠቴ?»

«ብርሀንነሽ፣ እህትሽ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ሳቋ ቆመ። «ሌላውን ሁሉ ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «ይህን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።»

ከዚያ ነገረችኝ። የወለዱኝ የአባታችን ጎረቤቶች ነበሩ። ወረርሽኝ በገባበት ክረምት ሁለቱም አለቁ። አባታችን ገና ልጅ አልወለደም ነበር። በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባኝ፤ «ከምወልደው ባሳንሳት እግዜር እኔን ያሳንሰኝ» ብሎ ማለ። በዚህ አገር እንዲህ የተያዘች የጡት ልጅ ልጅ ናት። ከተወለደው መለየት ነውር ነው፤ ሰባት ቤት ሲቆጠርም እንደ ደም ትቆጠራለች። ስለዚህ ማንም አልነገረኝም። የላክሁልሽ ቁጥርም በእኛ ሕግ ስሕተት የለበትም።

«የደሴ ትምህርት ቤት ሰዎች ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ብቻ እንቀበላለን ያሉ ጊዜ አስታወስሽ?» አለችኝ። «እኔም ፊደል ለይቼ ነበር። አለቀስኩ። አባባ ከበረቱ ኋላ ወሰደኝና ‹አንቺን ብበድልሽ የወለድኩሽ ልጄ ነሽ፤ ትምሪኛለሽ። እርሷን ብበድላት ግን መሐላው አለ› አለኝ። አንቺ ሄድሽ። ስንቅሽን የፈጨሁት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ስትመጪ ነጭ ካልሲሽን አድርገሽ አነጋገሬን ታርሚኝ ጀመር። ‹እንዲህ አይባልም፣ ብርሀንነሽ።› ምን ያህል እንደቀናሁብሽ ታውቂያለሽ? እስቲ ቁጠሪው፤ ሰባት ቤት ይሞላል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ታላቅነቱን ብትተይው ማን ያርመኛል?»

ሰፌዱን አንስቼ መልቀም ጀመርኩ። ጠጠር ታሳልፋለች። ድሮም ታሳልፍ ነበር።

«አዲስ አበባ ያለ እኔ አልሄድም ያልሽው ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ሐኪሞቹ የሚሉት ግማሹ አይገባኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ያረምሽኝ ሴት አለሽ፤ እነርሱንም አርሚልኝ ብዬ ነው።»

ስለዚህ ሉሊት፣ «ንገሪኝ» የሚለው ወረቀት እዚያው ምድጃዋ ውስጥ ገብቷል። እንዳትነግሪኝ። እኔን አባቴ ቆጥሮኛል። በሙያሽ እንደ እኔ ላለ ሰው የተለየ መስመር ካለ፣ መስመሬን እንደ ሕጋችሁ አስምሪው፤ ሕግ አላስፈርስም። ክቤ ግን ከብርሀንነሽ በስተግራ ይቆያል። ታላቋ እኔ ነኝ፤ ይህን ምራቅ አይለውጠውም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «እምዬ» ብለሽ ጀምረሻል። አይቼዋለሁ። በሐዘኔታ የተሰጠ ማዕረግ ስለማልቀበል ወደ እማማ መልሺው፤ የሚገባኝ ጊዜ ትሰጪኛለሽ። በሬዲዮ ያልሽውም ይቆይ። አላርመውም። አሁንም እቀናለሁ፤ የምቀናው ግን በሌላ ነገር ነው። እርሷ ይህን ሁሉ ዘመን ይዛው ስትስቅ ኖራለች። እኔ ብሆን አንድ ፋሲካ እንኳ ሳልናገረው አላልፍም ነበር።

ነገ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ ጉልበቴን ቅባት አሻለሁ። ከዚያ አሕመድኑር የፊተኛውን ወንበር ለብርሀንነሽ መያዙን ሄጄ አረጋግጣለሁ፤ «አብሽሩ እማማ» ሲለኝ አላምነውም፤ ወንበሩን በዓይኔ አያለሁ። ማበጠሪያ እይዛለሁ፤ ደሴ ስናድር ሹሩባዋን እሠራላታለሁ፤ እንደዚያ ተበታትና ሐኪም ፊት አትቀርብም። ሙቀት መለኪያውን እዚያው ከምስክር እቀበላለሁ። ብርሀንነሽ መገንጠያው ላይ ቆማ ካልጠበቀችኝ ቁልቁለቱን ወርጄ እጇን ከአልጋዋ ቋሚ ላይ አላቅቃለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በሬን ዘግቼ እቆልፋለሁ። አልታዬ በሯን ዘጋች ቢሉ፣ ከነገ ጀምሮ እውነት ይሆናል።

አልታዬ ንጉሡ